የአንዲት የሕክምና ተመራማሪ የኅትመት መዝገብ ጽዳት፦ የ9 ሳምንት የሥራ ማስታወሻ

ሥራው፦ ከ1990ዎቹ ጀምሮ የምታሳትም አንዲት የኅብረተሰብ ጤና ተመራማሪ ኅትመቶችን በሙሉ መሰብሰብ፣ የተደገመውንና የሌላ ሰው የሆነውን ማውጣት፣ ከዚያ የጥቅስ ቁጥሮችን (ጽሑፎቿ በሌሎች ጽሑፎች ስንት ጊዜ በዋቢነት እንደተጠቀሱ) ማስላት። ውጤቱ ለማዕረግ እድገት ማመልከቻ የሚያያዝ ባለ 2 ገጽ ሰነድ ነው።

ሰው፦ 2፣ በድምሩ በሳምንት 6 ሰዓት ገደማ።

መሣሪያ፦ ኤክሴል፣ ዞቴሮ (ዋቢ ማደራጃ)፣ ኦርኪድ (የተመራማሪ መታወቂያ ቁጥር)፣ ፐብሜድ (የሕክምና ጽሑፎች ማውጫ)፣ ጉግል ስኮላር፣ ክሮስሬፍ (የጽሑፍ መታወቂያ መዝጋቢ)፣ ኦፕንአሌክስ (ክፍት የኅትመት ማውጫ)፣ አይሳይት (የጥቅስ መለኪያ)። ከኤክሴል በቀር ክፍያ የላቸውም። ስኮፐስ የተባለው የጥቅስ ዳታቤዝ ለታዳጊ አገሮች ተቋማት መዳረሻ በሚሰጠው ሪሰርች ፎር ላይፍ በኩል ተገኘ። ዌብ ኦቭ ሳይንስ ለተባለው ሌላ የጥቅስ ዳታቤዝ ደንበኝነት ስለሌለ በአጋር ዩኒቨርሲቲ ያለ ባልደረባ ሪፖርቱን አውጥቶ ላከ።

ሳምንት 1 — ሲቪውን ወደ ሺት መገልበጥ

ሲቪው ላይ 63 ኅትመት አለ። ለእያንዳንዱ አንድ ረድፍ። ዓምዶቹ፦ ርዕስ፣ መጽሔት፣ ዓመት፣ ቅጽ፣ ገጽ፣ ዲኦአይ (የጽሑፉ ቋሚ የኢንተርኔት መታወቂያ)፣ የፐብሜድ ቁጥር፣ ስሟ የተጻፈበት መልክ ቃል በቃል፣ ስንተኛ ደራሲ፣ የደራሲ ብዛት፣ የጽሑፍ ዓይነት፣ ማስታወሻ።

የመጀመሪያው ጥፋት እዚሁ ተፈጠረ። ኤክሴል ገጽ 5-9 የሚለውን ቀን ነው ብሎ ወደ መስከረም 5 ወይም ግንቦት 9 ቀየረው። አሥራ አራት ረድፍ ተበላሽቶ ነበር የታየው። ከዚያም ብሶ፣ የኦርኪድ ቁጥሩ ያለ ሰረዝ ሲለጠፍ የመጨረሻዋ አሃዝ 0 ሆነች፤ ኤክሴል ከ15 አሃዝ በላይ አይዝም፣ ኦርኪድ ደግሞ 16 ነው። የመጨረሻዋ የማረጋገጫ አሃዝ ስለሆነች ቁጥሩ የትም ቦታ አይሠራም። መፍትሔው መለጠፍ ከመጀመሩ በፊት ዓምዱን በሙሉ መርጦ «ቴክስት» ማድረግ ነው። ከተለጠፈ በኋላ መቀየር የጠፋውን አይመልስም፤ 14ቱ ረድፎች እንደገና በእጅ ተጻፉ።

ዓመቱም ችግር አለበት። አራት ጽሑፎች በኢትዮጵያ አቆጣጠር ተመዝግበዋል። ሲቪው ላይ 2008 የተባለው ጽሑፍ በፈረንጅ 2015 መስከረም እና 2016 መስከረም መካከል የወጣ ነው። በዲኦአይ ፍለጋ ዓመቱን ማጣሪያ አድርገን ስንገባ «የለም» ይል የነበረው ለዚህ ነው። አሁን ሁለት የዓመት ዓምድ አለ፣ ስሌት የሚሠራው በፈረንጁ ብቻ ነው።

ማጣራት፦ ከ63ቱ 5ቱ የጉባኤ አጭር መግለጫዎች ናቸው፣ 3ቱ በኋላ በመጽሔት የወጡ ጽሑፎች ቅድመ ኅትመት ናቸው፣ 2ቱ ሁለት ጊዜ ተጽፈዋል። ቀሪ 53። መግለጫዎቹ አልተጣሉም፣ ወደ ሌላ ሺት ሄዱ።

ሳምንት 2 — ስም

ከሥራው ሁሉ ብዙ ሰዓት የበላው ይህ ነው፤ ከታቀደው 6 ሰዓት 15 ሆነ።

እኛ ዘንድ የቤተሰብ ስም የሚባል ነገር የለም፤ የራስ፣ የአባት፣ የአያት ነው። ዳታቤዞቹ ግን መጨረሻ ላይ የተጻፈውን ቃል የቤተሰብ ስም ያደርጉታል። ስለዚህ የአያት ስም የታከለበት ጽሑፍ በአያት ስም፣ ያልታከለበት በአባት ስም ይመዘገባል። አንድ ሰው ሁለት ሰው ሆነ ማለት ነው።

የአባቷ ስም ደግሞ ገብረ መድኅን ነው። በላቲን ፊደል አንዳንዱ ገጥሞ፣ አንዳንዱ ለያይቶ፣ አንዳንዱ በሰረዝ፣ አንዳንዱ «ገ/መድኅን» እንደምንለው በአንድ ፊደልና በስላሽ ጽፎታል። ተለያይቶ ሲጻፍ «መድኅን» ብቻውን የቤተሰብ ስም ይሆንና «ገብረ» የመሃል ስም ተብሎ በአንድ ፊደል ያጥራል። ስላሹን አንዳንድ የመጽሔት የማስገቢያ ቅጽ አይቀበለውም፣ ቆርጦ ይጥለዋል። «ኅ»ን በአንድ ፊደል ወይም በሁለት ፊደል መጻፍ ሲጨመርበት በአጠቃላይ 11 መልክ ተገኘ። ሁሉም በአንድ ሺት ተዘረዘሩ፤ ከዚህ በኋላ የሚደረግ ፍለጋ በሙሉ ከዚህ ዝርዝር ይነሳል።

ፍለጋውን ለመፈተሽ ሥራው በደንብ የሚታወቅ ተመራማሪ ወሰድን፦ ፕሮፌሰር አክሊሉ ለማ። በ1964 አድዋ ላይ በእንዶድ ልብስ የሚታጠብበት ወንዝ ውስጥ ቀንድ አውጣዎች ሞተው ማየታቸው፣ ያም የቢልሃርዚያ ተሸካሚ ቀንድ አውጣን በእንዶድ ወደ መግደል ምርምር መምራቱ የታወቀ ነው። በ1965 የመጀመሪያው አጭር ዘገባ በኢትዮጵያ ሕክምና መጽሔት፣ በ1970 ሰፊው የላቦራቶሪና የመስክ ጥናት በዓለም ጤና ድርጅት ቡለቲን ወጣ። ሁለቱም ላይ «ለማ» የቤተሰብ ስም ነው፣ «አክሊሉ» አንድ ፊደል ሆኗል። በዚያች አንድ ፊደል ሲፈለግ አበበ ለማም አልማዝ ለማም አብረው ይመጣሉ። በ1989 የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማትን አብረዋቸው የተሸለሙት ዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ደግሞ የእኛኑ የገብረ መድኅን ችግር ይዘዋል፤ በሰረዝና ያለ ሰረዝ የተለያየ ውጤት ይሰጣል። ማጣሪያው እነዚህን ሁለቱን በትክክል ካልለየ የማናውቀውን መዝገብ ሊለይ አይችልም በሚል ሦስት ጊዜ ተስተካከለ።

ፐብሜድ ላይ የተማርነው፦ በቤተሰብ ስምና በአንድ ፊደል ሲፈለግ ከዚያች ፊደል ቀጥሎ ሌላ ፊደል ያላቸውንም ያመጣል። ይህን ለማስቀረት ስሙን በትእምርተ ጥቅስ ከቦ በደራሲ መስክ መፈለግ ነው። ሙሉ የራስ ስም መፈለግ የሚቻለው ግን ከ2002 ወዲህ ለወጡት ብቻ ነው።

አንድ የ1994 ጽሑፍ ላይ 12 ደራሲ አለ፣ እሷ 11ኛ ናት፣ ፐብሜድ ላይ ስሟ የለም። ስህተት መስሎን የእርማት ደብዳቤ ተዘጋጅቶ ነበር። አይደለም። ከ1984 እስከ 1995 የፐብሜድ ዋና መዝገብ የሆነው ሜድላይን ከ10 ደራሲ በላይ አይመዘግብም ነበር፤ ከ1996 እስከ 1999 ወደ 25 ከፍ አለ፣ ገደቡ የተነሳው በ2000 ነው። የጽሑፉ የመጀመሪያ ገጽ ተቃኝቶ በማስረጃነት ተያዘ።

በ11ዱ መልክ ፍለጋ ሲቪው ላይ ያልነበሩ 4 ጽሑፎች ተገኙ። ድምር 57።

ሳምንት 3 — መታወቂያ ቁጥር መለጠፍ

ከ57ቱ 44ቱ ዲኦአይም የፐብሜድ ቁጥርም አላቸው፣ 6ቱ ዲኦአይ ብቻ፣ 7ቱ ሁለቱም የላቸውም። ሰባቱ የቆዩ የአገር ውስጥ መጽሔት ጽሑፎች ናቸው።

እነዚህ ሰባቱ ሲጠቀሱ ጥቅሱ ብዙ ጊዜ ይጠፋል። ማሽኑ የሚያያይዘው ዲኦአይ ከዲኦአይ ጋር ነው፤ ከሌለ በርዕስ፣ በቅጽና በገጽ ይገምታል፣ የመጽሔቱ ስም አጽሕሮት በየጠቃሹ ሲለያይ ግምቱ ይከሽፋል። አንዱ የ1996 ጽሑፍ ስኮፐስ ውስጥ በአራት የተለያየ አጻጻፍ እንደተጠቀሰ ተገኘ፣ አራቱም ከየትኛውም መዝገብ ጋር አልተያያዙም።

ለአርታኢዎች የሚሆን ነገር፦ ክሮስሬፍ ከጥር 2023 ጀምሮ ኢትዮጵያን ጨምሮ አነስተኛ ገቢ ላላቸው አገሮች አባላት የአባልነትም የምዝገባም ክፍያ አያስከፍልም። የቆዩ ቅጾችን ወደኋላ ሄዶ መመዝገብ የሚጠይቀው የሰው ሰዓት ብቻ ነው። የሰባቱን ጽሑፎች ዝርዝር አዘጋጅተን ለመጽሔቶቹ ላክን።

ዲኦአይ ብቻ ያላቸው ስድስቱም ዲኦአያቸው ተፈተሸ። ሁለቱ በዲኦአይ ድረ ገጽ ሲገቡ አይከፈቱም። አታሚው የተሠራ ቁጥር ገጹ ላይ ለጥፏል፣ የትም አልተመዘገበም። መጽሔቶቹም ራሳቸው ዛሬ የሉም፤ ኮፒው የተገኘው ከኢንተርኔት አርካይቭ ነው። ስለዚህ ቆጠራው ተስተካከለ፦ ዲኦአይ ብቻ ያላቸው 4፣ ምንም የሌላቸው 9። ሁለቱን ደብቆ ማለፍ ይሻላል የሚል ሐሳብ ነበር። አልተቀበልነውም፤ «በማንኛውም ዳታቤዝ ያልተመዘገበ» በሚል ምልክት ዝርዝሩ ውስጥ ይቀራሉ። ገምጋሚ ራሱ ሲያገኛቸው ይብሳል።

ሳምንት 4 — ኦርኪድ

ነጻ ነው፣ 5 ደቂቃ ይወስዳል፣ ከዚያ በኋላ ነው ጣጣው። «ሌሎች ስሞች» የሚለው ቦታ ላይ 11ዱም መልክ ገባ። ታይነቱ «ለሁሉም» መሆኑን አረጋግጡ፤ «ለእኔ ብቻ» ላይ ከሆነ ሌላ ሥርዓት ሊያነበው አይችልም።

ስህተት 1፦ ከዞቴሮ የወጣ ቢብቴክ የሚባል የዋቢ ዝርዝር ፋይል በአንድ ጊዜ ተጫነ፣ ከዚያ ከክሮስሬፍና ከዩሮፕ ፒኤምሲ (ሌላ የሕክምና ጽሑፎች ማውጫ) በማገናኛ ሌላ ዙር ተሳበ። ኦርኪድ ተመሳሳይ መታወቂያ ያላቸውን በራሱ ይጠቀልላል፤ በቢብቴክ ያለ ዲኦአይ የገቡት ግን ድርብ ሆነው ቀሩ። 19 በእጅ ተሰረዙ። ትክክለኛው ቅደም ተከተል፦ መጀመሪያ በማገናኛ መሳብ፣ ቀጥሎ የጎደለውን በዲኦአይ ወይም በፐብሜድ ቁጥር አንድ በአንድ መጨመር፣ በእጅ መጻፍ መጨረሻ።

ስህተት 2፦ ዲኦአይ ለሌላቸው ጽሑፎች የመጽሔቱን አይኤስኤስኤን አስገባን። የግንኙነቱ ዓይነት «ራሱ» ተብሎ ስለተመረጠ የአንድ መጽሔት አምስት ጽሑፎች ወደ አንድ ተጠቅልለው ጠፉ። አይኤስኤስኤን የመጽሔቱ መታወቂያ ነው፣ የጽሑፉ አይደለም፤ «የዚህ አካል» መባል አለበት። ሲስተካከል አምስቱም ተመለሱ።

ሳምንት 5 — ጉግል ስኮላር እና ስኮፐስ

ጉግል ስኮላር ፕሮፋይሏ ላይ 71 ነበር። 9 የሌላ ሰው፣ 8 የራሷው ጽሑፍ ተሰንጥቆ። ተወግዶና ተዋሕዶ 54፣ 3 በእጅ ተጨመረ፣ 57። ራሱ እንዲጨምር የተሰጠው ፈቃድ ተዘግቶ «በኢሜይል ጠይቀኝ» ተደረገ፤ 9ኙ የገቡት በዚያ በር ነበር። ኤች-ኢንዴክስ ከ24 ወደ 22 ወረደ፤ 22 ማለት እያንዳንዳቸው ቢያንስ 22 ጊዜ የተጠቀሱ 22 ጽሑፎች አሏት ማለት ነው። ባለቤቲቱ አልተደሰተችም፣ ይጠበቃል።

ስናዋሕድ መጽሔቱ በኋላ ያወጣውን አንድ እርማት ከዋናው ጽሑፍ ጋር አዋሕደን ነበር። የርዕሱ የመጀመሪያ አምስት ቃላት ስለሚመሳሰሉ ተታለልን። ከማዋሐድ በፊት ገጽ ቁጥሩን ማየት ግድ ነው።

ስኮፐስ ላይ ሦስት የደራሲ ቁጥር ተገኘ፦ 33፣ 6 እና 2 ጽሑፍ የያዙ። የተሰነጠቁት በትክክል በሳምንት 2 እንደተባለው፣ አንዱ በአያት ስም፣ አንዱ በ«መድኅን» ብቻ። በደራሲ እርማት ቅጹ እንዲዋሐዱ ተጠየቀ፣ ለማስረጃ የኦርኪድ ቁጥሯ ተያያዘ። ከተዋሐደ በኋላ 41 ጽሑፍ፣ ኤች-ኢንዴክስ ከ14 ወደ 16። እዚህ ወጣ፣ እዚያ ወረደ።

ሳምንት 6 — የቁጥሩ ልዩነት ከየት ይመጣል

ኤች-ኢንዴክሷ፦ ስኮላር 22፣ ስኮፐስ 16፣ ዌብ ኦቭ ሳይንስ 14። ኮሚቴ ውስጥ ሁሌም የሚነሳው ጥያቄ የትኛው ነው ትክክል የሚል ነው። ሦስቱም የሚቆጥሩት የተለያየ ነገር ነው። ስኮላር የማስተርስ ማሟያ ጽሑፎችን፣ ቅድመ ኅትመትንና የዩኒቨርሲቲ ማኅደርን ሁሉ ይቆጥራል፤ የእሷ ጽሑፎች በአገር ውስጥ የኅብረተሰብ ጤና ማሟያ ጽሑፎች በብዛት ስለሚጠቀሱ ክፍተቱ ይሰፋል። ክሮስሬፍ አታሚዎች ያስገቡትን ዋቢ ብቻ ይቆጥራል። ስለዚህ ሰነዱ ላይ ምንጭና ቀን ያልተጻፈበት ቁጥር አይገባም፣ ሁሉም በአንድ ቀን ተወሰደ።

ኤች-ኢንዴክስን ሂርሽ የተባለው የፊዚክስ ሊቅ በ2005 ነው ያቀረበው። አሠራሩን ለኮሚቴው በምሳሌ አስቀመጥን፦ ጥቅሶቹ 30፣ 18፣ 9፣ 6፣ 5፣ 5፣ 2 ቢሆኑ ኤች 5 ነው። አምስተኛው 5 አለው፣ ስድስተኛው ግን 6 አልደረሰም። 30ው ወደ 300 ቢያድግ ኤች ንቅንቅ አይልም። አምስተኛውና ስድስተኛው አንድ አንድ ጥቅስ ቢያገኙ ግን 6 ይሆናል። ሁለት ጥቅስ ብቻ። ራስን መጥቀስ የሚፈታተነው እዚህ ደጃፍ ላይ ነው፤ ስለዚህ ስኮፐስ ላይ የራስ ጥቅስን የማስቀረቱ ምልክት ተደርጎ ሁለተኛ ቁጥር ወጣ። 16ቱ 15 ሆነ፣ ጤናማ ነው።

ሳምንት 7 — ሰባቱ ግዙፍ ጽሑፎች

ይህኛው ሙግት አስነሳ። ከ41ዱ የስኮፐስ ጽሑፎች 7ቱ መቀመጫው ሲያትል በሆነው የጤና መለኪያ ተቋም የሚመራው የዓለም አቀፍ የበሽታ ጫና ጥናት ውጤቶች ናቸው። ደራሲዎቹ በመቶዎች ይቆጠራሉ፣ ከኢትዮጵያም ብዙዎች አሉበት። የጠቅላላ ጥቅሷ ትልቁ ክፍል ከእነዚህ ሰባት ይመጣል። ሲወጡ ኤች ከ16 ወደ 11 ወረደ።

ማውጣት ተገቢ ነው? አይደለም፣ ተሳትፋለች። ሳይለዩ ማቅረብስ? እሱም አይደለም፣ 600 ጥቅስ ያለው የ300 ደራሲ ጽሑፍና 60 ጥቅስ ያለው የ3 ደራሲ ጽሑፍ አንድ ዓይነት አይደሉም። በደራሲ ብዛት ሲካፈል የመጀመሪያው 2፣ ሁለተኛው 20 ነው። ሁለቱም ቁጥር ጎን ለጎን ተቀመጠ፦ ከሰባቱ ጋር 16፣ ያለ ሰባቱ 11። ከዚያ በላይ ግን ገምጋሚ የሚያየው የመጀመሪያና የመጨረሻ ደራሲ የሆነችባቸውን ነው፤ በሕክምና ኅትመት መጨረሻ ላይ የሚቀመጠው አብዛኛውን ጊዜ ጥናቱን የመራው ነው። ከ57ቱ 18ቱ ላይ የመጀመሪያ፣ 11ዱ ላይ የመጨረሻ። ሰነዱ የሚጀምረው በእነዚህ 29 ነው።

የተሞከረው ሌላ መለኪያ፦ በስኮፐስ የሚገኘው በመስክ የተመዘነ የጥቅስ መጠን። 1.00 የዓለም አማካይ ነው፣ በመስክ፣ በዓመትና በጽሑፍ ዓይነት ያወዳድራል። ሐሳቡ መልካም ነው፣ አማካይ ስለሆነ ግን አንድ ግዙፍ ጽሑፍ ሁሉንም ወደ ላይ ይጎትታል። ተጣለ። በምትኩ የአሜሪካው ብሔራዊ የጤና ተቋም አይሳይት ተያዘ፤ የፐብሜድ ቁጥሮችን ዝርዝር ለጥፎ ለእያንዳንዱ ጽሑፍ አንጻራዊ የጥቅስ ምጣኔ ይሰጣል። መስኩን የሚወስነው በመጽሔቱ ስም ሳይሆን አብረውት በሚጠቀሱ ጽሑፎች ነው። 1.0 ማለት በመስኩ የዚያ ተቋም ድጋፍ ካላቸው ጽሑፎች መካከለኛው (በቅደም ተከተል ሲደረደሩ መሃል ላይ የሚውለው) ያገኘውን ያህል በዓመት ይጠቀሳል ማለት ነው። አማካዩን ትተን የ44ቱን መካከለኛ ብቻ ጻፍን። ክሊኒካዊ ጽሑፎች የጠቀሱትንም ለብቻ ስለሚያሳይ ጠቀመ። ጉድለቱ ግልጽ ነው፦ የፐብሜድ ቁጥር የሌላቸው 13ቱ የሉበትም።

የመጽሔት ኢምፓክት ፋክተር ሰነዱ ላይ አልገባም። መጽሔቱ ባለፉት ሁለት ዓመታት ያወጣቸው ጽሑፎች ያገኙት አማካይ ጥቅስ ነው፣ ስለ አንዱ ጽሑፍ የሚናገረው የለም። በ2012 ሳን ፍራንሲስኮ ላይ የተረቀቀው ስለ ምርምር ምዘና የሚናገረው የዶራ መግለጫም የሚለው ይህንኑ ነው። ኮሚቴው ከጠየቀ በአባሪ ይሰጣል።

ሳምንት 8 — የተሰረዙ ጽሑፎችና መመሪያዎች

የተሰረዙ ጽሑፎችን የሚመዘግበው የሪትራክሽን ዋች ዳታ ከመስከረም 2023 ጀምሮ በክሮስሬፍ በኩል ለሁሉም ክፍት ነው። ፋይሉ ወርዶ ከዲኦአይ ዓምዱ ጋር በኤክሴል ቪሉካፕ (ፈልጎ የሚያመሳክር ቀመር) ተመሳከረ። የእሷ የተሰረዘ የለም። መጀመሪያ ሁሉንም «አልተገኘም» ብሎ ነበር፣ ያስደስታል፤ ግን የእኛ ዓምድ ዲኦአዩን ከሙሉ አድራሻው ጋር ይዞ ስለነበር ምንም ሊመሳሰል አይችልም ነበር። አድራሻው ተቆርጦ፣ ፊደሉ ሁሉ ወደ ትንሽ ተለውጦ፣ መሰረዙ በሚታወቅ አንድ ዲኦአይ ቀመሩ ተፈትሾ እንደገና ተሠራ። በፍተሻው ክትባትን ከኦቲዝም ጋር ያያያዘውን የዋክፊልድን የ1998 የላንሴት ጽሑፍ ተጠቀምን፤ በ2010 ተሰርዞ ዛሬም ይጠቀሳል። የጥቅስ ብዛት ውዳሴ እንዳልሆነ ለኮሚቴ ለማስረዳትም ይኸው ምሳሌ ይበቃል።

የጤና ሚኒስቴር የሕክምና መመሪያዎች ውስጥ ያለው ጥቅስ በስኮፐስም በዌብ ኦቭ ሳይንስም አይቆጠርም። ፒዲኤፎቹ ወርደው በ11ዱ የስም መልክ አንድ በአንድ ተፈለጉ። ተቃኝተው የተሠሩት ፍለጋ ስለማይቀበሉ መጀመሪያ ፊደል በሚለይ ሶፍትዌር ማለፍ ነበረባቸው፣ 7 ሰዓት ፈጀ። 3 ጥቅስ ተገኘ። ሦስቱም ገጽ ቁጥራቸው ተጽፎ በሰነዱ የመጀመሪያ ገጽ ላይ፣ ከኤች-ኢንዴክሱ በላይ ተቀመጡ።

ሳምንት 9 — ማስረከብ

2 ገጽ እና ሺቱ በአባሪነት። ጠቅላላ 71 ሰዓት፣ ከታቀደው 54 በላይ፤ ትርፉ በአብዛኛው በስምና በመመሪያዎቹ የሄደ ነው። ገና ከመጀመሪያው ጽሑፍ ጀምሮ አንድ የላቲን አጻጻፍ ተመርጦ ቢሆን ኖሮ ግማሹ አይኖርም ነበር። ከአሁን በኋላ ተገጥሞ የተጻፈው ይሁን ተባለ፣ ስላሽ አይገባም፣ የአያት ስም አይታከልም።

ያልተቋጨ፦ ኦፕንአሌክስ ላይ ከአንድ የእንስሳት ሐኪም ጋር ተቀላቅላለች፣ የእርማት ቅጽ ተልኳል። ከመጽሔቶቹ አንዱ ስለ ዲኦአዩ መልሷል፣ የ1996ቱን ቅጽ ጥራት ያለው ቅኝት ጠይቋል፤ ያለን ኮፒ ገጽ 3 ይጎድለዋል፣ ከቤተ መጻሕፍት እየተፈለገ ነው።